ቢጫ ምልክት የወጣበትን ዕቃ ድራይቨር ፈልጎ ማግኘት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ላፕቶፕዋን በፌስታል ይዛ መጣች። የምሠራው እዚሁ አዳማ ነው፣ ከፍራንኮ ትንሽ ገባ ብሎ። «ፎርማት ካስደረግኩት ወዲህ ዋይፋይ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ጽሑፉም ተለጥጧል» አለችኝ። ፎርማት ያደረገላት ልጅ ዋይፋዩ እንቢ ሲለው «ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብሏታል። ገንዘቡን ልትበደር ስትል ነው ጓደኛዋ ወደ እኔ ያመጣቻት። ካርዱ ምንም አልሆነም። ዊንዶውሱ ማን መሆኑን አላወቀውም እንጂ፤ ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም አልተጫነለትም።

እንዲህ ዓይነት ማሽን በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጄ ይገባል። በተለይ ስላይትሊ ዩዝድ ተገዝቶ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት። ብዙ ሰው የሚሮጠው «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ» ወደሚሉት ፕሮግራሞች ነው። አልመክርም። እኔም አንድ ሰሞን ሥራ ሲበዛብኝ ሰንፌ በአንዱ ተጠቅሜ ነበር። የአንድ መምህር ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት፣ ሄዱ፣ በማግስቱ ተመለሱ። «አንተ ልጅ፣ እኔ የሰጠሁህ ድምፅ እንድትሠራልኝ ነው። ድምፁ መጣ፣ ማውሱ ሄደ!» ፕሮግራሙ የመዳሰሻውን ድራይቨር በሌላ ሞዴል ቀይሮባቸው፣ ብራውዘራቸውንም በማስታወቂያ ሞልቶት ነበር። «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ግማሽ ቀን ሳጸዳ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ አንድ ነው። ዕቃውን ራሱን እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ መታወቂያ ይዞ ነው የሚወጣው። ዊንዶውስ ስሙን ባያውቅም መታወቂያውን ያነባል።

መታወቂያውን ማየት

የስታርት ምልክቷ ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጉ። ከሚወጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። የማሽኑ ዕቃ ሁሉ በየዓይነቱ ተደርድሮ ታያላችሁ። የተቸገረው ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት ትንሽ ቢጫ ምልክት ትኖራለች። ስም ያጡት ደግሞ «አዘር ዲቫይስስ» የሚል መስመር ሥር ይሰበሰባሉ።

በልጅቷ ማሽን ላይ አምስት ነበሩ፦ ኔትወርክ ኮንትሮለር፣ ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር፣ ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ኮንትሮለር፣ መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር እና አንድ «አንኖውን ዲቫይስ»። ስድስተኛው ቢጫ የለበትም፣ ብዙ ሰውም የሚያልፈው እሱን ነው። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ስትከፍቱት «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ፣ የግራፊክሱ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ጽሑፉ የተለጠጠባት ለዚያ ነው።

ቢጫ ያለበት ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጥር ያለው መልእክት ታገኛላችሁ። ኮድ 28 ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ድራይቨር አልተጫነለትም ማለት ነው፣ ሌላ በሽታ የለበትም። ቀጥላችሁ «ዲቴይልስ» ወደሚለው ገጽ እለፉ። መሀል ላይ ካለችው ተዘርጊ ሳጥን «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። ጥቂት ረጃጅም መስመሮች ይመጣሉ። ከላይ ያለው ከሁሉም ዝርዝር የያዘው ነው። በቀኝ ጠቅ ብላችሁ ኮፒ አድርጉት። ማሽኑ ኢንተርኔት ከሌለው በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ይበቃል።

በላቲን ፊደል የተጻፈውን እዚህ እንደሚነበበው ነው የማስቀምጥላችሁ። የልጅቷ ኔትወርክ ኮንትሮለር እንዲህ ይላል፦ ፒሲአይ፣ ቪኢኤን 8086፣ ዲኢቪ 24ኤፍዲ፣ ከዚያ ሰብሲስ ብሎ ሌላ ቁጥር።

ፒሲአይ ዕቃው ከማሽኑ ጋር የተገናኘበት መስመር ነው። የቀረውን እንደኛ ስም አንብቡት። ዲኢቪ የዕቃው የራሱ ስም ነው። ቪኢኤን የአባት ስም ነው፣ የሠራው ኩባንያ። ሰብሲስ ደግሞ ያሳደገው ቤት በሉት፤ ዕቃውን ገዝቶ ላፕቶፑ ውስጥ የከተተውን ድርጅት ይናገራል። ሰብሲሱ በ1028 ካለቀ ዕቃው ዴል ቤት ያደገ ነው።

የአባት ስሞቹ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይለመዳሉ። 8086 ኢንቴል ነው። ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ለሚያውቅ ፈገግ ያሰኛል፤ ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም ነው። 1002 ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ኢንቪዲያ፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ ኳልኮም አቴሮስ። በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ከሆነ ቪኢኤን እና ዲኢቪ በሚሉት ፈንታ ቪአይዲ እና ፒአይዲ ታያላችሁ። ነገሩ ያው ነው።

በእጅ የምትጽፉት ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ከዜሮ እስከ 9 ያሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት ብቻ ናቸው የሚገቡት። ኦ የሚመስል ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው። አንድ ደንበኛዬ ኦ እያለ ሲፈልግ አምሽቶ «ኢንተርኔት ላይ የለም» ብሎኛል።

ዋይፋይ የሌለው ማሽን በምን ያወርዳል?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸነፈው። የዋይፋይ ድራይቨር ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልጋል። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የሆትስፖትና ቴዘሪንግ ገጽን ክፈቱና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ቆጥረውት ወዲያው ይገናኛሉ፣ ምንም ድራይቨር ሳይጠይቁ። ስልኩ በዋይፋይ የተገናኘ ከሆነ ያንኑ ዋይፋይ ያሳልፋል፣ ካልሆነ በፓኬጃችሁ ይሠራል። ዊንዶውስ 11 ገና ሲጫን «ኢንተርኔት አገናኝ» ብሎ ሲቆምባችሁም ይኸው ዘዴ ያወጣችኋል። አይፎን የራሱን ድራይቨር ስለሚፈልግ ለዚህ ሥራ የጓደኛ አንድሮይድ ተበደሩ።

ፓኬጃችሁን ግን ጠብቁ። ዊንዶውስ ኢንተርኔት ባገኘ ቅጽበት የወራት አፕዴቱን መሳብ ይጀምራል። የኔትወርኩን ሴቲንግ ከፍታችሁ «ሜተርድ ኮኔክሽን»ን አብሩ። ያኔ ዝም ይላል፣ እናንተ በብራውዘር የምትፈልጉትን ብቻ ታወርዳላችሁ። የዋይፋይ ድራይቨር በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። የግራፊክስ ግን ከ500 ሜጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል ዋይፋዩ እስኪነሳ አቆዩት።

ሁሉንም በስልክ አውርዶ በኬብል ማሻገርም ይቻላል። እኔ ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ ነው የማስቀምጠው፣ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ሞዴል ይዞ ይመጣል።

የት ነው የሚፈለገው

መጀመሪያ ዊንዶውሱን ራሱን ጠይቁት። ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ኦፕሽናል አፕዴትስ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኦፕሽናሉ እዚያው አፕዴት ገጹ ላይ ነው። «ድራይቨር አፕዴትስ» የሚል ክፍል ካለ ግቡና ቢጫ ከወጣበት ዕቃ ጋር የሚሄደውን ብቻ ምረጡ። ሜተርድ አብርታችሁ ከሆነ ለዚህ ደረጃ አጥፉት፣ አለበለዚያ አያወርድም። ቢጫው ግማሽ ያህሉ እዚህ ላይ ይጠፋል።

ያልጠፋውን ላፕቶፑን ከሠራው ድርጅት ገጽ ፈልጉ። እዚህ ላይ ሞዴሉን በግምት አትጻፉ። የሌኖቮ ቲ480 እና ቲ480ኤስ ሁለት የተለያዩ ላፕቶፖች ናቸው። የኤችፒ 840 ጂ3 እና 840 ጂ5ም እንደዚያው። ዴል ከሆነ ሆዱ ላይ «ሰርቪስ ታግ» የሚባል 7 ፊደልና ቁጥር አለ፤ እሱን ብቻ ካስገባችሁ የማሽኑ ገጽ ይከፈታል። ኤችፒ ላይ ኤፍኤን እና ኢስኬፕን አብራችሁ ስትጫኑ የማሽኑ ዝርዝር ይወጣል። ስቲከሩ ከተላጠ ወይም ተገጣጥሞ የተሠራ ዴስክቶፕ ከሆነ ስታርት ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ፈልጉ። ሞዴሉን እዚያ ታገኙታላችሁ። ለዴስክቶፕ «ቤዝቦርድ ፕሮዳክት» የሚለው መስመር የማዘርቦርዱን ስም ይሰጣችኋል።

ገጹ ሲከፈት መታወቂያው ለምን እንዳስፈለገ ይገባችኋል። ለአንድ ሞዴል ሦስት የዋይፋይ ድራይቨር ተደርድሮ ታገኛላችሁ፦ የኢንቴል፣ የሪልቴክ፣ የብሮድኮም። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ምክንያቱም ድርጅቱ በአንዱ ማሽን አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ካርድ ነው የሚገጥመው። የእናንተ የትኛው ነው? የአባት ስሙን እዩ። የልጅቷ 8086 ነው፣ ስለዚህ ኢንቴል። 24ኤፍዲ ደግሞ የኢንቴል 8265 ዋይፋይ ካርድ ነው። ፎርማት ያደረገላት ልጅ የሪልቴኩን ሦስት ጊዜ ጭኖ «አልሠራም» ሲል ነው ካርዱ ላይ የሞት ፍርድ የፈረደው።

የዊንዶውሱ ዓይነትም ይግጠም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ነው የሚፈልገው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ብዙ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ 11ን እየጫነ ነው። የአምራቹ ገጽ ላይ የ11 ካጣችሁ አትደንግጡ። ለ10 የወጣው አብዛኛውን ጊዜ 11 ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

እዚያም ከታጣ ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የሚባለው የማይክሮሶፍት ገጽ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለእኔ ግን የመጨረሻው ምሽግ ነው። መታወቂያውን ራሱን እንዳለ መፈለጊያው ላይ ትለጥፋላችሁ። ምንም ካልመጣ ከሰብሲስ ጀምሮ ያለውን ቆርጣችሁ ጣሉና ቪኢኤን እና ዲኢቪ ያለበትን ብቻ ይዛችሁ እንደገና ፈልጉ። ከሚመጡት ውስጥ ለዊንዶውሳችሁ የሚሆነውንና ቀኑ የቅርብ የሆነውን አውርዱ።

ጎግል ላይ መታወቂያውን መጻፍም ይቻላል፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ለማወቅ። ለማወቅ ብቻ። ከሚመጡት ገጾች ትልቅ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» ካላቸው አታውርዱ።

መጫን

የወረደው ራሱን የሚጭን ፋይል ከሆነ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው፣ ብዙ ወሬ የለውም። ከካታሎጉ የሚመጣው ግን «ካብ» የሚባል የታሸገ ፋይል ነው። በሰቨን ዚፕ አንድ ፎልደር ውስጥ ዘርግፉት። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫው ላይ ቀኝ ጠቅ፣ «አፕዴት ድራይቨር»፣ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ ፎልደሩን አሳዩት። «ኢንክሉድ ሰብፎልደርስ» የምትለዋ ሳጥን ምልክት ይኑርባት። ዊንዶውሱ፣ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን መግለጫ ፋይሎች እያነበበ መታወቂያው የተጻፈበትን ራሱ ይፈልጋል። ካልገጠመ እንቢ ይላል። እንቢ ሲል አታስገድዱት።

ቅደም ተከተል አለው። የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘውን ቺፕሴቱን አስቀድሙ። ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር የሚለው ቢጫ ከቺፕሴቱ ድራይቨር ጋር ነው የሚጠፋው፣ ለብቻው አትፈልጉት። ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ኮንትሮለር የሚለው ኢንቴል ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማኔጅመንት ኤንጂን የሚባለው የኢንቴል የውስጥ መቆጣጠሪያ ነው። ስሙ የዋይፋይ ይመስላል፣ በዚህ የተሸወደ ብዙ ነው። ቤዝ ሲስተም ዲቫይስ የሚል ካያችሁ ብዙ ጊዜ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያው ነው። ከዚያ ግራፊክስ፣ ከዚያ ድምፅ፣ ሪስታርት።

ከመጫናችሁ በፊት «ሪስቶር ፖይንት» ፍጠሩ፣ ነገር ቢበላሽ ዊንዶውሱን ወደነበረበት የምትመልሱበት። አዲሱ ድራይቨር ካበላሸው ደግሞ በዕቃው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ድራይቨር» ከሚለው ገጽ የቀድሞውን ድራይቨር የሚመልስ «ሮል ባክ» አለ።

ዊንዶውስ ስትጭኑ ዲስኩ ጭራሽ ካልታያችሁም ነገሩ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ከ11ኛው የኢንቴል ትውልድ ወዲህ ባሉ ላፕቶፖች ላይ ይከሰታል። ቪኤምዲ የሚባለውን የኢንቴል ማከማቻ ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ዘርግፉና መጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» በሉት። ዲስኩ ብቅ ይላል።

ግትር የሆነው «አንኖውን ዲቫይስ»

መታወቂያው ፒሲአይ ወይም ዩኤስቢ ሳይሆን ኤሲፒአይ ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ትንሽ ነገር ናት። ዴል ላይ ኤስኤምኦ8800 የሚል ታገኛላችሁ። ኤችፒ ላይ ኤችፒኪው0004። ሁለቱም የመውደቅ ስሜት ያላቸው ዳሳሾች ናቸው። ላፕቶፑ ከጠረጴዛ ሲወድቅ መሬት ሳይደርስ የሃርድ ዲስኩን መርፌ ከሳህኑ ላይ ያነሳሉ። የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ማሽናችሁ ኤስኤስዲ ካለው የሚነሳ መርፌ የለም። ድራይቨሩ ከአምራቹ ገጽ ካለ ጫኑት፣ ከሌለ ቢጫዋን ትታችሁ ኑሩ። እኔ ለእንዲህ ዓይነቷ ከ10 ደቂቃ በላይ አላጠፋም። ደንበኛው «ምልክቷ ዓይኔን ትወጋኛለች» ካለ ብቻ።

ድራይቨር የማይፈታው

ከዩኒቨርሲቲው አንድ ልጅ አርዱዊኖ የሚባለውን፣ ለኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ የሚሆን ትንሽ ቦርድ ይዞ መጣ። ርካሹ ዓይነት። «ድራይቨሩን አምስት ቦታ አወረድኩት፣ ላፕቶፑ አያውቀውም።» ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተን ሰካነው። ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም፣ ቢጫም አልመጣ። ኬብሉን ጠየቅኩት። የስልክ ቻርጀር ነው አለኝ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም። ሌላ ስንሰካ ወዲያው ቪአይዲ 1ኤ86፣ ፒአይዲ 7523 ብሎ ወጣ። ይህ ሲኤች340 የሚባለው ቺፕ ነው፣ ርካሾቹ ቦርዶች ላይ የሚገጠመው። ዊንዶውስ አፕዴት በአንድ ደቂቃ ጫነለት፣ «ፖርትስ» ሥር የኮም ቁጥሩ መጣ። ሦስት ቀን የለፋበት ለኬብል ነበር።

ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ የማይታይ ዕቃ ድራይቨር አይፈልግም። ኬብሉን፣ ፖርቱን፣ ባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ሴቲንግ) እዩ። ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ዋይፋይ ካርድ ከዝርዝሩ ከጠፋ ባዮስ ላይ ተዘግቶ ወይም ከቦታው ላላ ብሎ ሊሆን ይችላል። ዩኤስቢ ዕቃ ላይ ቪአይዲ 0000፣ ፒአይዲ 0002 ካያችሁ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከኮድ 43 ጋር፣ ያ መታወቂያ አይደለም። ዊንዶውሱ «ስሙን ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም» እያለ ነው። ሌላ ፖርት ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላ ኬብል፣ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር። እዚያም ያው ከሆነ ዕቃው ሞቷል።

ቀጣዩ ፎርማት ከመምጣቱ በፊት

ሁሉም ሠርቶ ካያችሁ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፣ አምስት ደቂቃ ነው። ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሲስተም32፣ ከዚያ ድራይቨርስቶር የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ ፋይልሪፖዚቶሪ የሚባለውን እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉት። ማሽኑ ላይ የተጫኑት ድራይቨሮች በሙሉ እዚያ ናቸው። በሌላ ጊዜ ፎርማት ሲደረግ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» ብላችሁ ይህን ፎልደር ታሳዩታላችሁ፤ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል።

ለልጅቷም ፍላሿ ላይ አድርጌ ሰጠኋት። እዚያው ቆማ የፎልደሩን ስም «ወንድሜ እንዳትነካ» ብላ ቀየረችው።